በልክ የምትገጣጠም ጠመንጃ፡- ጀማሪ ከየት ይጀምር?

ቆጋና መራዊ አካባቢ ስለ ጠመንጃ ጨዋታ ሲነሣ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ፋብሪካዋ ስም ወይም ስለ ሰደፏ ጌጥ አልነበረም። "ጥይቷ ይገኛል ወይ?" ይሉ ነበር። ውጅግራም ትሁን ምንሽር፣ ለበንም ትሁን ቤልጅግ፣ ጥይቷ የጠፋ ጠመንጃ በእነርሱ ዘንድ ከዱላ የምትሻል አልነበረችም። እኔም ዛሬ በምኖርበት በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ የመጀመሪያዬን የዒላማ ጠመንጃ ክፍል በክፍል መርጬ ሳስገጣጥም፣ ከሱቅ ማስታወቂያዎችና ከሻጮች ምክር ሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ባለፉት ሁለት ዓመታት በርካታ የአገሬ ልጆች "ክለብ ገብተናል፣ ጠመንጃ ልንገጣጥም ነው፣ ምን እንግዛ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው። ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ግልጽ ሊሆን ይገባል። የምጽፈው ስለ ስፖርት ነው። በአገር ቤት የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛና ፈቃድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም መራዊን ጭምር ክፉኛ የጎዳ በመሆኑ፣ ጠመንጃ የሚለው ቃል ራሱ ለብዙ ቤተሰብ የሐዘን ቃል ሆኗል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ፈቃድ ባለው ክለብ ውስጥ በወረቀት ዒላማ ላይ ለሚደረግ ተኩስ ነው። ከአባቱ የወረሳትን ቤልጅግ በሕጋዊ ፈቃድ ይዞ የሚኖር አንባቢ ግን፣ ስለ አፈሙዝና መቀርቀሪያ በምጽፈው ክፍል ለገዛ ደኅንነቱ የሚሆን ነገር ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

በቅድሚያ "ከስተም" የሚባለው ጠመንጃ ምንድን ነው? ነገሩ ከተዘጋጀ ልብስና ከልብስ ሰፊ ሱፍ ልዩነት ጋር ይመሳሰላል። ከሱቅ የምትገዛው ጠመንጃ ለሁሉም ተብላ የተሠራች ናት። በልክ የምትገጣጠመዋ ግን መቀርቀሪያዋ ከአንድ ፋብሪካ፣ አፈሙዟ ከሌላ፣ ምላጯና ሰደፏም ከሌላ ተገዝተው፣ ሙያውን በሚያውቅ ሰው እጅ ለአንድ ሰው አካልና ዓላማ የሚገጣጠሙባት ናት። እዚህ ላይ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። አፈሙዝ ስል ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላውን የብረት ቱቦ፣ ሰደፍ ስል ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን እንጨት ወይም ፕላስቲክ፣ መቀርቀሪያ ስል ጥይቱን አጉርሶ ከኋላ የሚዘጋውን ተንሸራታች ብረት ማለቴ ነው። አንዳንዱ ሰው ቃታ ሲል መቀርቀሪያውን፣ ሌላው ደግሞ ምላጩን ስለሚያስብ እኔ ቃሉን ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ጥያቄ ልመለስ። ጥይት ቀድሞ ይመረጣል የምለው ለአባባል ያህል አይደለም። በ1868 ዓ.ም ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር የተማረከው ሬሚንግተን፣ ከፈረንሳይ የመጣው ውጅግራ፣ ከጣሊያን የመጣው ቬተርሊ፣ የሩሲያው በርዳን ሁሉም በዓድዋው ሠራዊት እጅ ነበሩ። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። የውጅግራ አረር 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቬተርሊው 10.4 ነው። ጦሩ በአንድ ሰልፍ ላይ እያለ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ወታደሮች ጥይት መበዳደር አይችሉም ነበር ማለት ነው። ጥይት ከዚህ የተነሣ ከመሣሪያነትም አልፎ በገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሲያገለግል የኖረበት ዘመን ነበር። በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ጊዜም ለአርበኛው ትልቁ ችግር ጠመንጃ ማግኘት ብቻ ሳይሆን፣ ለያዘው ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ማግኘት ጭምር ነበር።

የዛሬው የካልጋሪ ተኳሽ ችግር በእርግጥ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ሒሳቡ ያው ነው። አልሞ ተኳሽነት የሚመጣው በመተኮስ ብዛት ነው፤ የመተኮስ ብዛት ደግሞ በጥይቱ ዋጋና በጥይቱ ምት ይወሰናል። ለዚህም ነው ማንኛውም ጀማሪ ምንም ነገር ከመግዛቱ በፊት በክለቡ ባለ 22 ጠመንጃ ቢያንስ አንድ ወቅት እንዲተኩስ የምመክረው። ይህቺን ትንሽ ጥይት እንደ ልጆች መጫወቻ የሚንቁ አሉ። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር የሚደረገው ግን በእርሷ ነው፤ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው የመካከለኛው ክብ ስፋትም 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከከተማችን ብዙም በማይርቀው ካንሞር፣ የ1988 (እ.ኤ.አ.) የክረምት ኦሊምፒክ በተደረገበት ሥፍራ፣ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚተኩሱት ስፖርተኞችም የሚይዙት ይህችኑ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ምርጫ ለአብዛኛው ሰው ከሦስት አይዘልም። ባለ 223፣ ባለ 308 እና 6.5 ክሪድሙር። ባለ 308 እ.ኤ.አ. በ1952 ገበያ ላይ የወጣች፣ የትም የምትገኝ፣ የታመነች ጥይት ናት። 6.5 ክሪድሙር እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣች ስትሆን፣ አረሯ ቀጭንና ረጅም በመሆኑ ነፋስ ብዙ አያስቸግራትም፤ ረጅም ርቀት ለሚተኩስ ሰው ተመራጭ ናት። ባለ 223 ከሁለቱ ታናሽ ስትሆን ትከሻ ላይ የምታሳርፈው ምት ክብደታቸው በተመሳሰለ ጠመንጃዎች ከባለ 308 ሩብ ገደማ ነው። ዋጋዋም ይቀንሳል። የእኔ ምርጫ ያለማመንታት እርሷ ናት። "ኋላ አድጌ ትልቁን እገዛለሁና አሁኑኑ ትልቁን ልግዛ" የሚል ሰው ብዙ ነው። የክለባችን አንድ አባል እንዲሁ ብሎ ለትልቅ አውሬ አደን የምትሆን ባለ 300 ማግነም ገጣጠመ። ምቷ ከበደው፤ ምላጩን ሊስብ ሲል ዓይኑን መጨፈንና ትከሻውን መሰብሰብ ለመደ። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ በኋላ ለመንቀል ወራት ይፈጃል። እርሱም ጠመንጃዋን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ዛሬ በባለ 22 እንደገና እየተማረ ነው።

ጥይት ቀድሞ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ። የመቀርቀሪያው ግንባር የሚሠራው ለጥይቱ ቂጥ ስፋት ነው። የባለ 308 እና የክሪድሙር ቂጥ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሚገርመው የቤልጅግም ይኸው ነው፤ ሁሉም የወረሱት ከድሮው የጀርመን ማውዘር ጥይት ነውና። በመሆኑም ከባለ 308 ወደ ክሪድሙር መሻገር ለሚፈልግ ሰው አፈሙዝ መለወጥ ይበቃዋል። የባለ 223 ቂጥ ግን ወደ 9.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከእርሷ ወደ ሌሎቹ ለመሻገር መቀርቀሪያም መለወጥ ያስፈልጋል። ይህን ሻጩ ሳይጠየቅ ላይነግር ይችላል።

ስለ መቀርቀሪያውና ስለ ቤቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቤልጅግን ፈትቶ ያየ ሰው የዛሬዎቹን ለመረዳት አይቸገርም። የቤልጅጉ ፋብሪካ ኤፍ.ኤን. የሠራትና ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ አገራችን የገባችው ጠመንጃ እ.ኤ.አ. የ1898 ማውዘር ልጅ ናት፤ እጀታውን አንሥቶ መሳብ፣ መግፋት፣ መልሶ ወደ ታች ማጠፍ፣ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ጥርሶች ቤቱ ውስጥ ገብተው መቆለፍ። ዛሬም አሠራሩ በመሠረቱ ይኸው ነው። በሰሜን አሜሪካ ለመገጣጠም በብዛት የሚመረጠው እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው በሬሚንግተን 700 ቅርጽ የሚሠራው ቤት ነው። ምክንያቱ ከሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም። ብዙ ፋብሪካዎች ያንኑ ቅርጽ ተከትለው ስለሚሠሩ ሰደፍም ምላጭም በየዓይነቱ ስለሚገኝለት ነው። ለነገሩ የፊንላንዱን ቲካ ሙሉዋን ገዝቶ ቀስ በቀስ ሰደፏን ብቻ የሚለውጥ ጀማሪ፣ ሁሉንም ለየብቻ ከሚገዛው ያነሰ ራስ ምታት እንደሚገጥመው ሳልናገር ባልፍ ትክክል አይሆንም። መገጣጠም የሚያዋጣው የሚፈልገውን ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ገንዘብ የሚፈስበት ቦታ አፈሙዙ ነው። የጠመንጃ ትክክለኛነት ከግማሽ በላይ ያለው እዚህ ነው ብል የሚቃወመኝ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። አፈሙዝ ሲገዛ ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ርዝመቱ፣ ውፍረቱና በውስጡ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ የሚዞርበት ፍጥነት። ለሜዳ ዒላማ ወፍራሙን ይምረጡ፤ ክብደቱ ምቱን ያቀላል፣ ቶሎም አይሞቅም። ተራራ ለሚወጣ አዳኝ ግን ይኸው ውፍረት ቅጣት ነው። ጠመዝማዛው አረሩን እንደ እንዝርት የሚያሽከረክረው ነው። ረጅምና ከባድ አረር ቀጥ ብሎ ለመብረር ፈጣን ሽክርክሪት ይፈልጋል። በባለ 223 ለምሳሌ በ12 ኢንች አንድ ጊዜ የሚዞር አፈሙዝ ለ3.6 ግራሙ ቀላል አረር ይበቃል፤ ለዒላማ የሚመረጠው 5 ግራም ገደማ የሚመዝነው ግን በ8 ኢንች አንድ ጊዜ የሚዞር ይፈልጋል። ይህ ካልተስተካከለ አረሩ እየተንገዳገደ ሄዶ ወረቀቱን በጎኑ የሚቀድበት ጊዜ አለ።

አፈሙዝ እንደ መኪና ጎማ የሚያልቅ ዕቃ መሆኑንም ብዙ ጀማሪ አያውቅም። የባሩዱ እሳት ከጥይት ማጉረሻው ፊት ያለውን ብረት በየጊዜው ይልሰዋል። ባለ 308 አፈሙዝ ከ5,000 ጥይት በላይ ሊያገለግል ሲችል ክሪድሙሩ ከ2,000 እስከ 3,000 ባለው ውስጥ ትክክለኛነቱን መቀነስ ይጀምራል። ባሩድ የሚበዛባቸው ማግነሞች ከዚያም በታች ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ እንዲነበብልኝ የምፈልገው ነው። አፈሙዝ ከቤቱ ጋር ሲገጥም፣ ጥይቱ ገብቶ መቀርቀሪያው ሲዘጋ በመቀርቀሪያው ግንባርና በጥይቱ ማረፊያ መካከል የሚኖረው ርቀት በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ተለክቶ መስተካከል አለበት። በባለ 308 ውስጥ ጥይት ሲፈነዳ የሚፈጠረው ግፊት ከ4,000 ባር በላይ ነው፤ የቤት መኪና ጎማ ከሁለት ባር ብዙም አይበልጥም። ርቀቱ ከሰፋ ቀለሁ ይበጠስና ያ ሁሉ ግፊት መውጫ ፍለጋ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ይህ ልኬት በመለኪያ ብረት የሚረጋገጥ እንጂ በዓይንና በግምት አይደለም። በመሆኑም ሌላውን ሁሉ ራስዎ ቢያስሩት እንኳ የአፈሙዙን ነገር ለጠመንጃ ባለሙያ ይተዉ።

አገር ቤት ላለውም የማነሣው ይህንኑ ነው። የአጎቴ ቤልጅግ በቤታችን በነበረችበት ዘመን የመንደሩ ሰው መቀርቀሪያ ሲዋዋስ አይቻለሁ፤ የአንዱ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ከሌላዋ ነቅሎ ማስገባት እንደ ብልኃት ይቆጠር ነበር። ገብቶ መዘጋቱ ግን ልኩ መሆኑን አያሳይም። ማውዘሮች አብዛኛውን ጊዜ በቤቱም በመቀርቀሪያውም ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ተቀርጾባቸው የወጡት መለኪያው ለየብቻቸው ስለተስተካከለ ነው። ቁጥሮቹ የማይመሳሰሉባት አሮጌ ጠመንጃ፣ ያውም ዕድሜው በማይታወቅ ጥይት፣ በባለሙያ ሳትመረመር ፈጽሞ መተኮስ የለባትም።

ስለ ምላጭ ባጭሩ። ከፋብሪካ የሚመጣው ምላጭ አብዛኛውን ጊዜ ይከብዳል፤ ሲስቡት ጠመንጃዋን ይዞ ይንቀሳቀሳል። አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ ባለ ክብደት የሚለቅ፣ ሳይንሸራተት እንደ ቀጭን ብርጭቆ ቀጭ የሚል ምላጭ ለጀማሪ ይበቃዋል። የውድድር ተኳሾች በግራም የሚቆጠር ክብደት ያለውን ይጠቀማሉ ሲባል ሰምቶ ያንን መመኘት ግን አደገኛ ነው። የምላጭ ነገር ቀልድ አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ከ2006 ጀምሮ ሲሠራቸው የነበሩትን ኤክስ ማርክ ፕሮ የተባሉ ምላጮች ሳይሳቡ ሊተኩሱ ይችላሉ በማለት ጠመንጃዎቹ እንዲመለሱለት ጠርቷል። ያገለገለ ጠመንጃ ገዝቶ ቤቷን ብቻ ሊጠቀም ያሰበ ሰው የምላጯን ዓይነትና ዘመን ማጣራት አለበት ማለት ነው።

ሰደፍ ላይ ግን ዘርዘር ልበል፤ በልክ የመሰፋት ትርጉሙ እዚህ ነውና። የሚለካው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከትከሻ እስከ ምላጭ ያለው ርዝመት ነው። ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርገው ያወጡታል፤ ክንዱ አጠር ላለ ሰው ይረዝማል፣ አንገቱንም እንዲዘረጋ ያስገድደዋል። ሁለተኛው የጉንጭ ማረፊያው ከፍታ ነው። ዓይንዎን ጨፍነው ጉንጭዎን ሰደፉ ላይ ያሳርፉና ይግለጡት። ዓይንዎ ራስዎን ሳያነሡ በመነጽሩ መካከል ካየ ልክዎ ነው። ጉንጭ በተነሣ ቁጥር አረሩም ሌላ ቦታ ይመታል። ለዚህ ነው ለጀማሪ ሁለቱም የሚስተካከሉበት ሰደፍ ከውብ እንጨት ይሻላል የምለው።

እንጨት አልወድም ማለቴ አይደለም። የአጎቴ ጠመንጃ የመጀመሪያው ሰደፏ ተሰብሮ በዋንዛ የተተካላት ነበረች፤ ያን የመሰለ ውበት ያለው ሰደፍ እስካሁን አላየሁም። ነገር ግን እንጨት ውኃ ይጠጣል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲመጣ ያብጣል፣ በመጋቢት ይኮማተራል፤ አፈሙዙን በጎኑ በገፋው ቁጥር የአረሩ ማረፊያ ይለወጣል። አጎቴ "ክረምት ላይ ወደ ግራ ትስታለች" ይሉ የነበረው ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል። የዛሬ ገጣጣሚዎች አፈሙዙ ከቤቱ ወዲህ ሰደፉን ጨርሶ እንዳይነካ ያደርጋሉ። ለማረጋገጥ የወረቀት ብር በአፈሙዙና በሰደፉ መካከል አስገብቶ እስከ ቤቱ ድረስ መጎተት ነው፤ ከተያዘ ይነካል፣ ካልተያዘ ነጻ ነው። ለዚህ የዶላርም የብርም ኖት እኩል ያገለግላሉ።

መነጽርን በሚመለከት ምክሬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ በመነጽሩ ውስጥ ያለው መስመርና ከላይ የሚዞረው ማስተካከያ በአንድ ዓይነት መለኪያ የተሠሩ ይሁኑ። ሚል የሚባለው መለኪያ በ100 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በሜትር ላደግን ሰዎች ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሌላኛው የማዕዘን ደቂቃ በዚያው ርቀት 2.9 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለተኛው፣ እስከ 300 ሜትር ለሚተኩስ ሰው 16 ጊዜ የሚያጎላ ከበቂ በላይ ነው፤ የተረፈውን ገንዘብ ጠንካራ ማሰሪያና ልኩን የሚያሳይ የብሎን መፍቻ ይግዙበት። "ጠመንጃዬ ተበላሸች" ብለው ወደ ክለባችን ከሚመጡት ብዙዎቹ ችግራቸው የላላ ብሎን ሆኖ ይገኛል።

ወጪን በተመለከተ ጀማሪዎች የሚያሰሉት የጠመንጃዋን ብቻ ነው። እኔ የማደርገው ግን በመጀመሪያ የ1,000 ጥይት ዋጋ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ለዒላማ የሚሆን የክሪድሙር ጥይት እዚህ አንዱ ከሁለት የካናዳ ዶላር በላይ ስለሆነ ሺሁ ብቻውን የአንድ ደህና አፈሙዝ ዋጋ ያልፋል። ከቀሪው ለመነጽሩና ለማሰሪያው ሲሦውን ያህል ማሰብ ተገቢ ነው። ቀለሙ፣ የመቀርቀሪያው ትልልቅ እጀታ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ጌጣጌጥ ሁሉ ለሁለተኛው ዓመት ይቆይ።

ካናዳ ላላችሁ፣ ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ፒ.ኤ.ኤል. የተባለው ፈቃድ ያስፈልጋል። የደኅንነት ኮርስ ወስዶ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ማለፍ ግድ ሲሆን፣ አዲስ አመልካች ቢያንስ 28 ቀን መጠበቅ አለበት። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 1,500 የሚጠጉ የጠመንጃ ሞዴሎችን ሲያግድ ያነጣጠረው በወታደራዊ ቅርጽ በተሠሩት ላይ ሲሆን፣ እንዲህ በእጅ የሚቀረቀሩት ተራ የዒላማ ጠመንጃዎች በአብዛኛው አልተነኩም። ዝርዝሩ ከዚያም ወዲህ እየጨመረ ስለመጣ ግን ቤቱን ከመግዛት በፊት ማየት ይገባል። በቤት ውስጥ ጠመንጃዋ ባዶዋን ተቆልፋ ትቀመጣለች። እኔ መቀርቀሪያውን ነቅዬ ከጥይቱ ጋር በሌላ ሣጥን እቆልፋለሁ፤ ልጆች ያሉበት ቤት ነውና።

የእኔይቱ በመጨረሻ እንዲህ ሆነች፤ በሬሚንግተን 700 ቅርጽ የተሠራ ቤት፣ ባለ 223 ወፍራም የ24 ኢንች አፈሙዝ በ8 ኢንች አንድ ጊዜ የሚዞር፣ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም የሚለቅ ምላጭ፣ ርዝመቱና ጉንጭ ማረፊያው የሚስተካከል ሰደፍ፣ ከ4 እስከ 16 የሚያጎላ መነጽር። ከጠመንጃዋ ጋር አንድ ተራ ደብተር ይሄዳል። በየቀኑ ስንት እንደተኮስኩ፣ ሙቀቱ ስንት እንደነበር፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ እጽፍበታለሁ፤ የመጨረሻው መስመር 1,460 ላይ ደርሷል።